ከፍ ያለችው መርገጫ

ኢዮስያስ ደረጃ መሥራት የተማረው ከሚወደው ሰው ነው። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው፤ ከማያምነው ሰው ተምሮ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይጠረጥር ነበር።

ከገጠር መጥቶ መናኸሪያ ሲወርድ በሐዋሳ የሚያውቀው ሰው አልነበረውም። ያስጠጉት አናጢው ጋሽ ኃይለሚካኤል ናቸው። ከልጆቻቸው እኩል አበሉት፣ መዶሻ አስጨበጡት፣ ሰው አደረጉት። ሳያትን ሊያገባ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት፣ በሠርጉም በአባት ወንበር የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ከዚህ በኋላም አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው ስል ብቻ ነው።

ሕንፃ እንደ አሸን በሚፈላበት ከተማ ደረጃ የሚችል አናጢ ሥራ አይፈታም። ግድግዳ ማንም ያቆማል፤ ደረጃ ግን ሒሳብ ይፈልጋል። መርገጫዎቹ እኩል ካልሆኑ ዓይን ባያየውም እግር ያገኘዋል። ጋሽ ኃይለሚካኤል የሚያስተምሩት ሒሳብ ደግሞ አጭር ነበር።

“ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው ለካ። ለመርገጫዎቹ እኩል አካፍል። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም” ይሉታል።

ኢዮስያስ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ቢያቋርጥም ማካፈል ይወድ ነበር። ጣውላ ላይ በእርሳስ እየጻፈ ያሰላል፣ ሒሳቡ ሲገጥምለት ለብቻው ይስቃል። ታዲያ ቅርፁ በጣውላ ተመትቶ ኮንክሪት ሊሞላ ሲል ጋሽ ኃይለሚካኤል ሁልጊዜ፣ “እኔ አንዴ ልየው፣ አንተ ሚስማር ገዝተህ ና” ይሉታል። ሲመለስ ተሞልቶ ያገኘዋል። አንድም ቀን ለምን አላለም። ሰው አባቱን ለምን ይላል?

ዕድሉ የመጣው ከራሱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ላይኛው አዳራሽ የሚያስወጣ ደረጃ ይሠራ ሲባል ሽማግሌዎቹ፣ “የራሳችን ልጅ እያለ ምን ሰው ፍለጋ እንሄዳለን?” ብለው ለኢዮስያስ ሰጡት። በስሙ የተቀበለው የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ይህ ካማረለት ሐይቅ ዳር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያም ደረጃውን ሊሰጠው ቃል ገብቷል፤ ካላማረለት ግን ዕድሜ ልኩን የሰው ረዳት ሆኖ መቅረቱ ነው። ጋሽ ኃይለሚካኤል ወሬውን ሲሰሙ አቅፈው መረቁት። መረቁት እኮ!

ለካ፣ አካፈለ፣ ሠራ። ኮንክሪቱ ደርቆ ሲለካው መርገጫዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው። ደስታው አላስቀምጥ ስላለው ሳያትን ጠርቶ ከታች እስከ ላይ አስወጣት። ከዚያ ሴራሚክ ሠሪው ካሌብ መጥቶ ወለሉንም ደረጃውንም አነጠፈ።

በመጀመሪያው እሑድ እማማ ፅጌ ላይኛው አዳራሽ ሊገቡ ሲሉ የመጨረሻዋ መርገጫ አደናቀፈቻቸውና ወደቁ፤ ክንዳቸው ተሰበረ። ከእሳቸው በኋላ የወጣው ሰውም እዚያው ይደናቀፋል። ሲለካ፣ የመጨረሻዋ መርገጫ ከሌሎቹ ከፍ፣ የመጀመሪያዋ ደግሞ ዝቅ ብላ ተገኘች።

ኢዮስያስ ካሌብን በሰው ፊት ሰደበው። እኩል አድርጎ የሠራውን ሥራ ሌላ ማን ሊያበላሽበት ይችላል? ጋሽ ኃይለሚካኤልም ተጠርተው መጡ፣ ደረጃውን ወጥተው ወረዱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“የካሌብ ጥፋት ነው። አንተ የለህበትም፣ ልጄ” አሉት። “አይዞህ፣ የእኔ በር መቼም አይዘጋብህም።”

ሽማግሌዎቹ ግን ደረጃው ይፍረስ አሉ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤትም ስልኩን ማንሳት ተወ።

በዚያው ሰሞን መቅደስ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ ለግንባታ ሠራተኞች ሒሳብ እንደምታስተምር ሰማ። የሄደው ሊማር አልነበረም፤ የካሌብን ጥፋት በሒሳብ አስመስክሮ ስሙን ሊያጠራ ነበር። ደረጃውን ሰሌዳ ላይ ሣለላት። እሷም የወለሉና የመርገጫው ንጣፍ ስንት ስንት ውፍረት እንዳለው ጠየቀችው።

“የወለሉ ወፈር ይላል፣ ከሴራሚኩ ሥር የሲሚንቶ ሊሾ አለው። የመርገጫው ስስ ነው” አላት።

“አየህ፣ የታችኛው ወለል በንጣፉ ወደ ላይ ሲነሣ የመጀመሪያዋ መርገጫ ታጥራለች። የላይኛው ሲነሣ ደግሞ የመጨረሻዋ ትረዝማለች። ስለዚህ ኮንክሪቱ ሳይሞላ የመጀመሪያዋን በልዩነቱ ልክ ከፍ፣ የመጨረሻዋን ዝቅ ታደርጋለህ። ደረጃ የሠራ ሰው ሁሉ እኮ የሚያውቀው ነው፤ ያስተማረህ ሰው አልነገረህም?”

መቅደስ ክፋት አስባ አልጠየቀችም። ኢዮስያስ ግን ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። ሚስማር ሊገዛ ይላክ የነበረባቸው ቀናት ሁሉ ባንዴ መጡበት። ለካ እሱ ሱቅ ሲሄድ ነበር ሁለቱ መርገጫዎች የሚስተካከሉት።

መጀመሪያ የሄደው ካሌብ ዘንድ ነው፤ እግሩ ሥር ወድቆ ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ መሃል ከተማ ጋሽ ኃይለሚካኤል ወደሚሠሩበት ሕንፃ አመራ። ጣውላ እየሰነጠቁ አገኛቸው።

“ጋሼ፣ የንጣፉን ነገር ያውቁ ነበር?”

መጋዛቸውን አስቀመጡ። ይክዱኛል ብሎ ነበር፤ ቢክዱትም በወደደ።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ምነው? እማማ ፅጌ ክንዳቸው ተሰበረ እኮ! ካሌብን አሰደቡኝ! ምን በደልኩዎት?”

“ምንም አልበደልከኝም። ያሳደግኳቸው ሁሉ ሙያው ሲገባቸው ጥለውኝ ሄዱ፤ አንተን ማጣት አልፈለግኩም። አንዴ ከተሳሳትክ ትመለሳለህ ብዬ ነው።” ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ እንደ ሠርጉ ቀን። “ልጄ እኮ ነህ። አሁን ያለፈው አልፏል፣ ና ተመለስ። የቀረውንም አስተምርሃለሁ።”

ኢዮስያስ ሊሄድ ዞሮ ነበር፤ ቆመ።

“የቀረ አለ?”

ጋሽ ኃይለሚካኤል መጋዛቸውን አንሥተው ጣውላ መሰንጠቃቸውን ቀጠሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መቅደስ ስለ ጣሪያ ተዳፋት ልታስተምር ሰሌዳውን ስትጠርግ ኢዮስያስ እጁን አወጣ።

“መምህርት፣ ከመጀመሪያው ብትጀምሪልኝ።”

“ከየቱ? ከደረጃው?”

“ከሜትር አያያዝ።”

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ መቅደስም የቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላትና እስክትጀምር ቆሞ ጠበቀ።