ሸራውን የገለጥኩት እኔ ነኝ

አርብ፣ ስምንት ሰዓት፣ ኦሃዮ፣ ከሊንደን ሰፈር

ከቤት የወጣሁት ለክሪኬት ነው። ስትስቁ ይታየኛል፤ ልጄ ሂሩትም ስቃለች። የሥራ ዩኒፎርሟን እየለበሰች፣ «አባዬ፣ በዚህ ጉልበትህ? ዝናብ አለ እያሉ? ደግሞ ሦስት ቀን!» አለችኝ።

«ሱሬሽ ሰኞ ጠቅልሎ ቴክሳስ ልጁ ጋ ሊሄድ ነው። የመጨረሻ ጨዋታው ነው። እሄዳለሁ» አልኳት።

«አንተ አንዴ ካልክ አልክ» ብላ ዣንጥላዋን ሰጠችኝ።

ሱሬሽ ህንዳዊ ነው። ዌርሃውስ ውስጥ አስራ ሰባት ዓመት አብረን ካርቶን ጭነናል። ሪታየር ስናደርግ እኔ ቤት ተቀመጥኩ፤ እሱ ግን የክሪኬት ቡድኑን ካፒቴንነት አልለቅም አለ። የሲንሲናቲን ቡድን አንድ ቀን አሸንፎ አያውቅም። እነሱን ሳያሸንፍ ከኦሃዮ መውጣት አይፈልግም። እኔም ላግዘው ነው የሄድኩት።

በክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ዳውንታውን ወረድኩ። ከዚያ የሳዮቶ ወንዝን ድልድይ በእግሬ ተሻግሬ ፍራንክሊንተን፣ ሱሬሽ ቤት ደረስኩ። ቫኑን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነበር። ወደ ምዕራብ አርባ ደቂቃ ነዳን። ከተማው አለቀና ግራ ቀኙ በቆሎና አኩሪ አተር ብቻ ሆነ። የሚጫወቱበትን ሜዳ የተከራዩት ከአንድ ገበሬ ነው።

በመንገድ ላይ ጨዋታውን አስረዳኝ። ትልቁ ክሪኬት ቴስት ይባላል፤ አምስት ቀን ይፈጃል። እነሱ በሁለት ቀን ያሳጥሩታል እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል፣ ሁለቱም ቡድን ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታል። የሚመታው ሮጦ የሚያገኘው ነጥብ ሩጫ ይባላል፤ ኳሷ ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች ከመታችበት ይወጣል፤ አስር ሰው ከወጣ የቡድኑ ተራ አለቀ።

«መጀመሪያ ሳንቲም ይጣላል። ያሸነፈው ልምታ ወይ ልወርውር ብሎ ይመርጣል» አለኝ። «ደመና ካለ ኳሷ እየተጠማዘዘች ትመጣለች። መሬቱ እርጥብ ከሆነ አንዴ ትዘላለች፣ አንዴ ትተኛለች። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚመታ አለቀለት። ደረቅ ከሆነ ግን ቀድሞ መምታት ነው፤ በመጨረሻው ቀን መሬቱ ይሰነጠቃል።»

«ታዲያ አምስት ቀን የለፋ ሰው በአንድ ሳንቲም ሊበላ ነው?»

«በአንድ ሳንቲምና በአንድ ደመና። እኔን ደግሞ ሳንቲም አይወደኝም።»

ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር አራት ቀን ሙሉ ስታዲየም ተቀምጠው፣ አገራቸው ልታሸንፍ ስትል አምስተኛውን ቀን ዝናብ በላው። አባቱ በንዴት ዣንጥላውን ወርውሮ ወጣ። ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነው።

አርብ፣ አስር ሰዓት፣ ሜዳው ላይ

ኳሷ የምትነጥርበት መሃል ላይ ያለ ጠባብ መደብ ነው፤ ፒች ይሉታል። አፈሩን ሳየው አወቅሁት። ዋልካ ነው! እኔ አድዓ ዋልካ ሳርስ ነው ያደግሁት። በብረት መዳመጫው ደለደልነው፣ ሸራ አለበስነው፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ጫንነው።

ሱሬሽ የዕቃ ቤቱን ሊቆልፍ ሲሄድ እጄን ከሸራው ሥር ሰደድኩ። ላብ ላብ ይላል። ዋልካ ታፍኖ ካደረ ይላላል። ይተንፍስ ብዬ በአንደኛው ጫፍ ድንጋዮቹን አንስቼ ሁለት ክንድ ያህል ገለጥኩት። ለሱሬሽ አልነገርኩትም። ምን ይነገራል? አፈር ከሱ የበለጠ አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት

ሌሊቱን ዘንቧል። ሱሬሽ ቤት አድረን ስንደርስ ነፋሱ የገለጥኩትን ጫፍ ከላይ አድርቆታል፤ ላየው ሰው ደህና ነው። ዋልካ ግን ከላይ ደርቆ ከሥሩ ውሃ ይይዛል። ጣቴን ሰደድኩ፤ እስከ አንጓዬ ገባ።

ሱሬሽን ጠርቼ ነገርኩት። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማንም አያውቅም?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ስማ። ሳንቲሙን ካሸነፍኩ እወረውራለሁ። ከተሸነፍኩም ዴቨን ደረቅ መስሎት ራሱ ይመታል። ታደሰ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንቲሙ አያስፈልገኝም!»

ዴቨን የሲንሲናቲዎቹ ካፒቴን ነው፤ ጃማይካ የተወለደ ጎልማሳ።

«ልነግረው ነው» አልኩ።

«አብደሃል?»

«ዝናቡ ብቻውን ቢያደርገው አፌን አልከፍትም ነበር። ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«የመጨረሻዬ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ሄጄ ለዴቨን ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ጣቱን አስገባ። «ለምን ነገሩኝ፣ ፓፓ?» አለኝ። «ሸራውን የገለጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳንቲሙ ተጣለ። ሱሬሽ «ሰው» አለ፤ አሞራው ያለበት ጎን ወጣ። ዴቨን «እንወረውራለን» አለ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ባላይ ደስ ይለኝ ነበር። የኛዎቹ እየገቡ ወጡ። ኳሷ አንዱን ደረቱን ትመታዋለች፣ በሌላው እግር ሥር ትሾልካለች። ሃምሳ ስምንት ሩጫ ላይ ሁሉም አለቁ። ምሳ ሱሬሽ የሠራው የሎሚ ሩዝ ነበር። አንዱ ተጫዋች ሳህኑን እያቀበለኝ፣ «አንክል ታደሰ፣ ነገ ደግሞ ሄደህ አብረሃቸው ምታ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ ሱሬሽ አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። መሬቱ ደረቀ፣ ሲንሲናቲዎችም እንደ ልባቸው መቱ፣ መቶ ሃምሳ ሞሉ። ማታ ፍራንክሊንተን ሱሬሽ ብርድ ልብስ ሰጠኝና በሩን ዘግቶ ተኛ።

እሁድ

ጠዋት የኛዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ መቱ። ደረቁ መሬት ላይ ስለሆነ ቀናቸው፤ መቶ ሰማንያ ሩጫ ጨመሩ። ሲንሲናቲዎች ለማሸነፍ ሰማንያ ዘጠኝ ሩጫ ብቻ ቀራቸው። ግን መሬቱ መሰንጠቅ ጀምሯል። ዴቨን ሊመታ ሲገባ፣ «ፓፓ፣ ዛሬስ መሬቱ ምን ይላል?» ብሎ ቀለደብኝ።

«ዛሬ አልነግርህም። ትናንት እኔ ያበላሸሁትን ነው የነገርኩህ። የዛሬው ስንጥቅ የፀሐይ ነው፤ ዓይን አለህ፣ እይ!»

ሱሬሽ ራሱ ኳሷን ያዘ። ቀስ አድርጎ ነው የሚወረውረው፤ እኔም የምመታት ትመስላለች። ስንጥቁ ላይ ስታርፍ ግን ዞራ እንጨቶቹን ትመታለች። አንድ ወጣ፣ አራት ወጡ፣ ዴቨንም ወጣ። ዘጠኝ ወጡ! አስረኛው ከወጣ በቃ፣ ሱሬሽ አሸነፈ። እነሱ ደግሞ ገና ሃያ ሩጫ ይቀራቸዋል።

ያን ጊዜ በበቆሎው በኩል ዝናቡ መጣ። ዳኞቹ ሁሉንም አስወጡ።

ጉልበቴን ረስቼ ሸራው ጋ ሮጥኩ። ጎተትን፣ አለበስን። ሌላው ሁሉ ወደ መኪናው ሲሸሽ እኔ አራቱንም ማዕዘን በድንጋይ ጫንኩ፤ ነፋሱ ያነሳውን ጫፍ ቆምኩበት። ካባራ ይጨርሳሉ። ስበሰብስ ሱሬሽ የሂሩትን ዣንጥላ ይዞ መጣና አጠገቤ ቆመ።

«ትናንት ዝም ብትል አሸንፌ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«ቴክሳስም ሄጄ እናደድብሃለሁ።»

«ተናደድ። ያን ድንጋይ አቀብለኝ።»

አቀበለኝ። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቆምን። አላባራም። ዳኛው መጥቶ እኩል ናችሁ አለ። ሱሬሽ ሰማዩን አየ፣ ዣንጥላውን አየ።

«የሂሩት ነው፤ እንዳትወረውረው» አልኩት። ያን ጊዜ ሳቀ። ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ።

እሁድ ማታ፣ ቤት

ሱሬሽ በር ድረስ አደረሰኝ። አቅፎኝ ሲያበቃ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በእጄ አስጨበጠኝ። «ልጆቹ መሬቱን የሚያውቅ ሰው የላቸውም። አራቱንም ማዕዘን!» ብሎ ሄደ።

«ማን አሸነፈ?» አለች ሂሩት።

«ማንም።»

«ሦስት ቀን ሄደህ፣ ማንም?»

የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሳንቲሙ በሱሬሽ እጅ አልነበረም፤ ዝናቡም በማንም እጅ አልነበረም። ሸራው ግን በእኔ እጅ ነበር። ያን አርብ ብትመልሱልኝ አልገልጠውም። ቅዳሜን ብትመልሱልኝ ግን ያንኑ አደርጋለሁ፤ እነግረዋለሁ።

ሂሩት የረጠበ ኮቴን ልትሰቅል ስትል ኪሱ ተንቃጨለ። «የምንድን ነው ይሄ ቁልፍ?» አለችኝ።

«ሥራ ይዣለሁ» አልኳት።