ደጇን ያልረገጠው አንባቢ

ባለፈው ጥቅምት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች በአንድ የቆየ ልብወለድ ይከራከሩ ነበር። ልጁ፣ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቤቱ እስር ቤት፣ ሜዳው ነፃነት ነው ይላል። ልጅቷ «ለማን?» አለችው። እኔ ሽማግሌው ጆሮዬ ጋለ። መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ ሚስት ያሳጣኝ እሱ ነው፤ ወይም እሱን አንብቤያለሁ ባዩ ጭንቅላቴ።

ዳንግላ ስማር ያን ልብወለድ እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። ፍቅረኞቹ ቤት ውስጥ ሲሆኑ የልጅቱ አባት ይሰማል ብለው ይዋሻሉ፤ እውነቱን የሚነጋገሩት ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ሥር ነው። ይህን ለክፍል ጓደኛዬ ለሙሉእመቤት ስተነትንላት፣ እሷ የተቀቀለ ድንቿን አዋዜ እያስነካች ታዳምጠኛለች። ካዳመጠችኝ ወዳኛለች ብዬ ደመደምኩ። ያኔ መደምደም አይቸግረኝም ነበር።

ያገራችን ደንብ ሽማግሌ ወደ ልጅቱ ቤት መላክ ነው። እኔ ግን ያነበብኩ ሰው ነኝ። አንድ የገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር አስቁሜ አግቢኝ አልኳት።

ዙሪያዋን ቃኘች። «ሜዳ ላይ የሚጠየቅ የጠፋ ከብት ነው» አለች። «ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ አባዬም ከቤት አይጠፉም።»

ከኋላችን በቅሎ የሚነዳ ሰውዬ ነገሩን ከመሃል ሰምቶ ቆመ። «ምን ጠፋብህ ልጄ? ላም ነው በሬ?»

እሷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ባየኋት ቁጥር መንገድ እቀይር ጀመር። አባቴን ሽማግሌ ላክልኝ ለማለት እፍረቱ እስኪበርድልኝ ስጠብቅ፣ ጥምቀት አለፈና ከአዘና የመጡ ሽማግሌዎች እነ ሙሉእመቤት ቤት ገብተው ተቀመጡ። የላካቸው ልጅ መጽሐፍ የሚባል ገልጦ አያውቅም። ያን ቀን የከለከለችኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መንገዱን ነው ያሳየችኝ። ኋላ ልብወለዱን ደግሜ ባየው፣ ያ ጀግናም አንድ ቀን እንኳ ልጅዎን ይስጡኝ ብሎ የልጅቱን ደጅ አልረገጠም። ሜዳው ነፃነት የሆነው ለእሱ ነው፤ እሷ እዚያ የቆመችው ላላፊ አግዳሚው ዓይን ተሰጥታ ነው።

ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ የከሰል ጆንያ እስኪጭን ቆምን። ልጅቷ ዘወር ብላ፣ «አባባ፣ እርስዎ አንብበውታል?» አለችኝ።

አላነበብኩትም አልኩ። ልጁ ደስ ብሎት ታሪኩን ከመጀመሪያው ይተርክልኝ ጀመር። ዛፉ ሥር ሲደርስ ዓይኑን ከእኔ አንስቶ ወደ እሷ አዞረ፤ እሷ በመስኮት ታያለች። ተው ልጄ፣ መጀመሪያ ቤቷን ጠይቅ ልለው አፌ ላይ ደረሰ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎም አፈርኩ፤ እንጅባራ እስክንገባ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያልኩ ሄድኩ።