ጊታሩ የበላው ወረቀት

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ አመንትቻለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ ቤት አልተቃጠለበትም። አንድ ጊታር መቺ እሑድ እሑድ የሚቀመጥበትን ወንበር አጣ፤ ያሳጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ግን የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ሬዲዮ ከፍተው ጊታር በሰማሁ ቁጥር ልቤ ስለሚደነግጥ፣ ጽፌ ልየው ብያለሁ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሻይ ቤት ነበራት። ቤቱ ጠባብ፣ ጓሮው ሰፊ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የባቡር ሠራተኞች ከነቤተሰቦቻቸው መጥተው ከኒም ዛፎቹ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። አክስቴ "የሚመጡት ለወተት ሻዬ ነው" ትል ነበር። እኔ ግን ለጊታር መቺው እንደሚመጡ አውቅ ነበር።

ጀልዴሳ ተወልዶ ያደገ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን ሰው ነው። ከጊታሩ ስድስት ክሮች አንዱ ጎድሎ ነበር። "አምስት ይበቃኛል፤ ጣቴም አምስት ነው" ይላል። የሚመታው እንደ ክራር ነው፤ በአውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር እየደበደበ፣ በሌሎቹ ዜማውን ይለቅማል። በኦሮምኛ የጀመረውን የግመል ነጂዎች ዘፈን በሶማልኛ ይቀጥልና በአማርኛ ትዝታ ይጨርሰዋል። ድምፁ ሻካራ ነው። ኀዘን ላይ ሲደርስ አይጮኽም፤ ይልቁንም ዝቅ፣ ዝቅ ይላል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዘንበል ይላል። ስኒውን የሚያስቀምጥ ሰው እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ነበር የሚያስቀምጠው።

በዘፈኑ መካከል አድማጭ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም የተሰጠውን ሳይመርጥ ይዘፍናል። ወንዶቹ ከየወንበራቸው ይጮኹለታል። ሴቶቹ ግን በወረቀት ጽፈን እናቀብለዋለን። አንብቦ ከዘፈነው በኋላ ወረቀቱን አጣጥፎ በጊታሩ ቀዳዳ ይከተዋል። "በላው!" ይላል። የማን ግጥም እንደነበር ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ስለ አበባና ስለ ጨረቃ ብዙ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፤ ሁሉንም ዘፈነልኝ፤ ማንም ግን ዞር ብሎ "የማን ነው?" አላለም። መመስገን እወድ ነበር። ስለዚህ አንድ እሑድ በእርግጥ የማውቀውን ጻፍኩ። ቅዳሜ ማታ ወተቱ ሲፈላ፣ አክስቴ አዝዛኝ ውሃ የምጨምርበት እኔ ነበርኩ።

ጊታር መቺው ወረቀቱን አነበበ። ቅንድቡን አነሣ፤ አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ። ከዚያም እንደ ልማዱ ዘፈነው፦

ላሟማ አርፋለች ጥላ ሥር ተኝታ፤
ቧንቧዋ ናት እንጂ የታለበች ማታ።

ጓሮው በሳቅ ተናወጠ። "አቦ ድገመው!" አለ አንዱ። ደገመው። ሌላው ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ "እትዬ፣ ላምሽ የማዘጋጃ ቤት ናት እንዴ?" ብሎ ጮኸ። እውነቱን ለመናገር፣ ለዚያች አፍታ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

አክስቴ ከወጥ ቤት ወጣች። "ማነው የሰጠህ?"

"ጊታሩ በልቶታል፣ እትዬ።"

"ጊታር አይበላም። እሑድ እሑድ ከወጥ ቤቴ ምሳ የበላኸው አንተ ነህ! ያየኸውን ይዘህ ወጥተህ በሰው ፊት አዋረድከኝ።"

ሳቁ ቆመ። ጊታሩን ገልብጦ ቢያራግፈው ወረቀቱ ይወድቅ ነበር፤ አክስቴም ጽሕፈቴን ታውቀዋለች። አላራገፈም። እኔ ባዶ ስኒዎች የሞሉበት ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት ለደንበኞቿ "ልጄ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች" ስትል ሰምቻታለሁ። ዓይኔን ስኒዎቹ ላይ ተከልኩ። እሱ ጊታሩን ትከሻው ላይ በጣለው ሽርጥ ጠቀለለና፣ "ለምሳው አላህ ይስጥልኝ" ብሎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ ወተቱ ላይ ጠብታ ውሃ እንኳ አስጨምራኝ አታውቅም። ግጥሙ እውነት እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ሰውየው ግን "የበላበትን ቤት ገበና ያወጣ" ተብሎ ስሙ ስለ ወጣ፣ ሌሎች ሻይ ቤቶችም አላስጠጉት። የቡና መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ተቀምጦ ሳየው መንገድ እሻገራለሁ። እሱ ግን ከማዶ፣ "ተማሪዋ! ደህና ነሽ?" ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ዩኒቨርሲቲ መግባቴ ተሰማ። አክስቴ ሻንጣዬ ውስጥ ልብስ እያጣጠፈች ስትከት፣ "ያንን የወተት ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳት። ቀና አላለችም። የያዘችውን ሹራብ አጥፋ ጨረሰች፤ እጅጌውን አስተካከለች። ከዚያ፣ "ጫማሽን አድርጊ" አለችኝ።

መጋዘኑ በር ላይ አገኘነው። አክስቴ፣ "በድዬሃለሁ። ወንበርህ ከነቦታው አለ፤ ተመለስ" አለችው። እሱ ገብቶ ጊታሩን ከሚስማር ላይ አወረደ። ሦስት ክር ቀርቶት ነበር። ገልብጦ አራገፈው፤ ያረጁ ወረቀቶች ረገፉ። የእኔን ለይቶ ሰጠኝ።

"ጋሼ፣ ለምን አልተናገሩም?" አልኩት።

"የሰጠኝን ሰው ካጋለጥኩ ነገ ማን ግጥም ይሰጠኛል?" አለና ሳቀ። እኔ ግን ከዚያች እሑድ ወዲህ ማንም እንዳልሰጠው አስቤ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ተቀምጦ ሞከረ። አውራ ጣቱ ክሩን ሳተ፤ እንደገና ሳተ። የግመል ነጂዎቹን ዘፈን ጀምሮ ሶማልኛው ላይ ሳይደርስ አቆመ። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

"አየሽ እትዬ፣ እኔስ በመጣሁ" አላት፤ "ጣቴ ነው እምቢ ያለኝ።"

ጊታሩን ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው። እሑድ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1961 ዓ.ም. ነበር።