ከሙክታር ጋር የተጣላንበት ቅንፍ

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት የሙክታርን ፎቶ አየሁ። ከስሩ «ኢናሊላሂ» ተብሏል። ተሳስተው የለጠፉት መሰለኝ። ጭሮ ከተማ አብራን ትሠራ ለነበረችው ለሐያት ደወልኩ።

«እውነት ነው ትዕግስት። ሱብሂ ሰግዶ ተመልሶ ጋደም አለ፣ በዚያው ቀረ። ልቡ ነው አሉ።»

ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አላለቀስኩም። ሰው ይቀየመኝ እንጂ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው።

ሁላችሁም «ትሑት ነበር፣ ሰው አክባሪ ነበር» እያላችሁ ስትጽፉ እያየሁ ነው። እኔ ከሙክታር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ኮድ ጽፌያለሁ። ትሑት አልነበረም።

ሙያው ለማይገባችሁ፦ ፕሮግራም ስንጽፍ አብረው የሚሄዱ ትእዛዞችን በቅንፍ እናቅፋቸዋለን። የሚከፍተውን ቅንፍ እኔ እዚያው መስመሩ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሙክታር ወደ ታች አውርዶ የራሱ መስመር ይሰጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ለኮምፒውተሩ ሁለቱም አንድ ነው። ለሙክታር ግን አንድ አልነበረም።

«ቅንፍ ለብቻው ይቁም፣ የሚያነበው ሰው እንዳይደናቀፍ» ይል ነበር። በቀን አሥር ጊዜ።

ከደብረ ብርሃን በመጣሁ በሳምንቴ ኮዴን በትልቁ ስክሪን አውጥቶ ለሠልጣኞች አሳየ። «ይሄን የጻፈው ሰው ወረቀት የሚያልቅበት መስሎታል» አለ። ሁሉም ሳቁ። እዚያው ተቀምጬ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ ወዲያ ጠብ ሆነ። እሱ ያወረደውን እኔ አወጣዋለሁ፣ እኔ ያወጣሁትን እሱ ያወርደዋል። ትልልቅ ሰዎች ነበርን እኮ።

ከዚያ ለመናኸሪያው የሚኒባስ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራን። ወደ ሂርና፣ ወደ ሚኤሶ የሚሄደው ሹፌር ተራው ሲደርስ ታርጋው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ደህና ይሠራ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ግን ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ሹፌሮቹ ቢሯችንን ሞሉት። አንዱ ጠረጴዛዬን እየደበደበ «ተራዬን ለማን ሰጠሽው?» አለኝ።

አለቃችን ገባ። «ይሄን ክፍል ማን ነው የጻፈው?»

«ትዕግስት ናት» አለ ሙክታር።

አልዋሸም፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ግን ፋይሉን ስከፍተው ቅንፎቼ በሙሉ ወርደዋል። በዋዜማው ነው ያወረዳቸው። በምንጽፍበት ቋንቋ ደግሞ «ይህን መልስ» የሚለው ትእዛዝ ቅንፉ ወደ ታች ከወረደበት፣ ኮምፒውተሩ ትእዛዙ እዚያው ያለቀ ይመስለዋል። ባዶ ይመልሳል።

ጠርቼ አሳየሁት። አየው። ለአለቃችን ግን አልተናገረም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የተጻፈው በእኔ ላይ ነው። ከዚያ ወር ሳይሞላ ሥራውን ለቅቄ ሂርና ገባሁ።

ባለፈው ዓረፋ ማግስት ሂርና ድረስ መጣ። በር ላይ ቆሞ «ኦቦሌቲ» አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው፤ ብሎኝ አያውቅም ነበር። «ያን ቀን ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ፈርቼ ነው። ልጆች አሉኝ።»

«ለእኔ አይደለም የምትናገረው። ደብዳቤውን ለጻፈብኝ ሰው ንገረው» አልኩት። ግባ እንኳ አላልኩትም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁለትም።

ይህን እየጻፍኩ ሐያት ደግማ ደወለች። ለቀብር እመጣ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው። ያን ነገር አንስቼ ወቀስኩት፣ በሞተበት ቀን።

«ተናግሯል እኮ» አለችኝ። «ከዓረፋ በኋላ ስብሰባ ላይ፣ ሁላችንም ባለንበት፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ። ደብዳቤሽ ከፋይልሽ ወጣ። አልነገረሽም?»

አልነገረኝም። ለምን እንዳልነገረኝ አውቃለሁ፤ ለሐያት ግን ልነግራት አልቻልኩም።

ሙክታር፣ አሁን ከሂርና ሚኒባስ ተሳፍሬያለሁ። ቀብርህ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው አሉኝ፣ እደርሳለሁ። ያደረግህብኝ አልጠፋልኝም፣ እኔም ስልክ ያላነሳሁት አይጠፋልኝም። ስለ ቅንፉ አሁንም የተሳሳትከው አንተ ነህ። ልጆችህ ስለ አንተ ከጠየቁኝ፣ አባታችሁ ጥፋቱን ሰው ፊት ያመነ ሰው ነው እላቸዋለሁ። ትሑት ነበር ግን አልልም። አላህ ጀነት ያግባህ። በል ደህና ሁን።