የአሪዋ ሴት ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ቤቷን ስታስለስን የእርጥብ ጭቃና የእበት ሽታ በመስኮቴ ገባ። የያዝኩትን ሥራ ትቼ ተቀመጥኩ። ያ ሽታ ወደ አንድ ግድግዳና ወደ አንድ ሰው ይመልሰኛል። ስለ ሰውየው እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ጂንካ አሥረኛ ክፍል እማራለሁ። የሥዕል መምህራችን ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። መጽሐፍ ስላልነበረን ከአሮጌ መጽሔት የተቀደዱ ሥዕሎችን ሰሌዳው ላይ እየለጠፉ፣ "ማን ሣለው? ለምን? በምን ቀለም?" ይሉናል። ሌላው ተማሪ ደወል ሲደወል ይረሳዋል፤ እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ቤት እገባለሁ።

ክረምት ላይ አክስቴን ለማስታመም አዲስ አበባ ስሄድ መምህሩ ወደ አንድ ሙዚየም የሚወስደውን መንገድ በብጣሽ ወረቀት ነድፈው ሰጡኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አዳራሹ የወለል ሰም ይሸታል፤ በረጅሙ መስኮት የሚገባው ብርሃን ዓይናቸው የጎላ ቅዱሳን ላይ ያርፋል። በመጨረሻው ቀን ጥግ ላይ ከኛ አገር የሄደ፣ በጌጥ የተሞላ ቅል አገኘሁ። ከሥሩ "ጋሞ ጎፋ፤ ሠሪው ያልታወቀ" የሚል ተጽፏል። ከነከነኝ። እኛ ዘንድ ማን የትኛውን እንደሠራ የማያውቅ አለ እንዴ?

ስመለስ ለመምህሩ ነገርኳቸው። "እንግዲያው የሠሪዎቹን ስም አንቺ ጻፊዋ" አሉኝ ፈገግ ብለው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ ከከተማው በላይ ወዳሉት የአሪ መንደሮች እወጣ ጀመር። እናቴ አሪ ስለሆነች ቋንቋው አላስቸገረኝም። ከሁሉም በላይ የወደድኩት የአንዲት አሮጊት ግድግዳ ነበር። በቀይ አፈርና በከሰል፣ በጣታቸው ብቻ፣ ውኃ የሚመስል ረጅም መስመር ይስባሉ፤ በዳሩ ነጭ ነጠብጣብ ይደረድራሉ። ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ማን እንዳስተማራቸውም ጠየቅኳቸውና አማታቸው መሆናቸውን ጻፍኩ።

አንድ ቅዳሜ መምህሩም አብረውኝ መጡ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው አሮጊቷ ግድግዳው ላይ ሲሥሉ ቃል ሳይተነፍሱ ቆዩ።

"ይሄ ሰው ያመዋል እንዴ?" አሉኝ አሮጊቷ በአሪኛ።

ስተረጉምላቸው መምህሩ ከልባቸው ሳቁ። "ይኸው ስንት ዓመቴ ሌሎች የሣሉትን ሳስተምር፤ ሲሣል ቁጭ ብዬ ያየሁት ግን ዛሬ ነው" አሉ።

ብዙም ሳይቆይ መንደር ምስረታ መጣ። ገበሬው ሁሉ ቤቱን አፍርሶ ወደ መንገዱ ዳር እንዲወርድ ታዘዘ። ቤቶቹን ሊመዘግብ የመጣው ካድሬ ደብተሬን ከእጄ ነጥቆ ገለጠው። የቤቶች ሥዕል፣ የሰዎች ስም፣ ከማን ቤት ወደ ማን ቤት እንደሚኬድ የሚያሳይ ንድፍ።

"ካርታ ነው የምታነሺው? ማን ነው ያዘዘሽ?"

ቀበሌ ወስዶ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። መምህሩ ፈገግ ብለው ያሉኝ ትእዛዝ አልነበረም፤ በራሴ ፍላጎት የጀመርኩት ነበር። ግን እናቴ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

"መምህሩ ናቸው" አልኩ።

ወዲያው ለቀቁኝ። መምህሩን በማግስቱ ከክፍል ወሰዷቸው። ሁለት ሳምንት ታስረው ሲወጡ ወደ ሌላ አውራጃ መዛወራቸው ተነገረ። ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገናኘን። ፊታቸው ገርጥቷል። የተናገርኩትን ያውቁ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

"ደብተርሽን መለሱልሽ?" አሉኝ።

"አልመለሱም፣ ቲቸር።"

አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። እኔም ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ወደ ክፍል ገባሁ።

የአሮጊቷም ቤት ፈረሰ። ከወራት በኋላ ያንን ግድግዳ በትልቅ ወረቀት ላይ ከአእምሮዬ ሣልኩና በመስመር ወደተሠራው አዲሱ መንደር ይዤላቸው ሄድኩ። ደጃቸው ተቀምጠው ነበር፤ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ባዶ ነው። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ተከተሉት፤ መካከሉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፤ እዚያ ያላስታወስኩትን ከራሴ ሞልቼው ነበር።

"ያምራል፣ ልጄ" አሉኝ። "የኔ ግን አይደለም።"

አጣጥፈው ሊመልሱልኝ ሲሉ፣ "ያ ዝምተኛው ሰውዬስ? ምነው ጠፋ?" አሉ።

"ተዛወሩ" አልኳቸው።

በማን ምክንያት እንደሆነ ሳልነግራቸው ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።