ሪባን አስሮ የመጣው ቡችላ

ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ከእናቴ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ እንኖራለን። በገና ዋዜማ ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣና እናታችን ጭን ላይ ካርቶን አስቀመጠ። ስትከፍተው ነጭ ፀጉራም ቡችላ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮለት፣ ይንቀጠቀጣል።

«የገና ስጦታሽ ነው እማዬ። ከሱቅ ነው የገዛሁት፤ እታለም ሥራ ስትውል ያጫውትሻል።»

እናቴ ጉልበቷን አሻሸች። «አንተ ልጅ፣ እኔ ከመቀመጫዬ ለመነሳት ሰው እጠራለሁ። ይህን ማን ይከተለው?»

«ትንሽ እኮ ነው።»

«አንተም ትንሽ ነበርክ።»

በእኛ ሰፈር ቡችላ ይለመናል እንጂ አይገዛም። የጎረቤት ውሻ ስታረግዝ «አንዱን ለእኔ» ይባላል፤ ከዚያ ጡት እስኪጥል ይጠበቃል። ላልለመነ ሰው አይሰጥም። ምክንያቱ በደንብ የገባኝ በዚያ ገና ነው።

ቤቱ የጾም ቤት ነውና ወተት የሚባል ነገር የለም። ቡችላው ውሃ ያራሰው ዳቦ ቀማምሶ አደረ። በማግስቱ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የሰው ሁሉ ርኅራኄ አንድ ላይ ወረደበት። እንግዳው ሁሉ ከሳህኑ ያነሳለታል፤ አንዱ የዶሮ ቆዳ፣ አንዱ የበግ ጮማ። ልጆች ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉታል። በሩ ከፈት እንዳለ ነው፤ የታኅሣሥ ብርድ ይገባል። የጎን ጎረቤታችን «ውሻ ነው እንዴ? እኔ ግልገል መስሎኝ ቢላዬን ላመጣ ነበር» ብለው አሳቁን።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ከሰዓት በኋላ ቡችላው አስመለሰው፤ ሶፋው ሥር ገብቶም አልነሳ አለ። ጆሮውን ስነካው ቀዝቅዟል። ወንድሜ ለሻጩ ቢደውል አያነሳም።

«እታለም፣ ሊሞት ነው? በገና ቀን ለእናቴ ሬሳ ልስጣት?»

ለማውቀው የእንስሳት ሐኪም ደወልኩ። ጮማውን ተዉት፣ አሙቁት፣ ጡት አልጣለምና የምታጠባ ውሻ ካለች ሞክሩ፣ ነገ አምጡት አለኝ።

የእኚሁ ጎረቤታችን ውሻ በቅርቡ ወልዳ ጓሯቸው ተኝታለች። ችግሩ፣ ባዕድ ቡችላ ካሸተተች ትነክሳለች። እኔ ግን መዘዞ ገጠር በበግ መሀል ነው ያደግሁት። እናቱ የሞተችበትን ግልገል ለሌላ በግ ስንሰጥ መጀመሪያ ጠረኑን እንለውጥ ነበር። ሪባኑን ፈታሁ፤ ሽቶ ሽቶ ይላል። ቡችሎቿ የተኙበትን ጭድ አንስቼ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ አሸሁት።

ጎረቤታችን የውሻዋን ራስ እየደባበሱ «እኔ ነኝ የምነከሰው ወይስ አንቺ?» አሉኝ።

«ቤቱ የእርስዎ ነው እትዬ፤ እንግዳ አይቀድምም።»

ከልጆቿ መሀል ሸጎጥኩት። አሸተተችው። አጉረመረመች። ደግማ አሸተተችው፤ ከዚያ ምላሷን አውጥታ ጆሮውን ላሰችው። እሱም እየተንፏቀቀ ሄዶ ጡቷን ጎረሰ። ወንድሜ አጥሩን ተደግፎ አለቀሰ። እኔ ግን እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ጎረቤታችንም ተቀበሉኝ፣ ሰፈሩ ማን ወለደ ብሎ ወጣ።

ሐኪሙ በማግስቱ አየውና ይተርፋል አለ። ለጥምቀት ጓሮውን ያተራምሰው ጀመር። ጡት ሲጥል ጎረቤታችን እናቴን በወጉ ለመኗት፤ እሷም ሰጠቻቸው። አሁን ሌሊት ሌሊት ማንንም ወደ ሰፈራችን የማያስደርስ ነጭ ውሻ ነው፤ እናቴ ከደጇ ስትጠራው አጥር ዘሎ ይመጣል።

ለበዓል ቡችላ ልግዛ ለሚለኝ ሁሉ ይህን አወራለሁ። ሰጪው በማግስቱ ሚኒባስ ይሳፈራል፤ ቡችላው ካልተዘጋጀለት ቤት ይቀራል። ስንቱ ደግሞ የምታጠባ ጎረቤት የለውም።

ወንድሜ በዚያው ዓመት ለፋሲካ ከመነሳቱ በፊት ደወለ። «እማዬ፣ ምን ላምጣልሽ?» አላት። ወፍራም ካልሲ አለችው። ካልሲ አመጣላት።