ሶኬቱን የነቀለው ሰው

ጁባ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በቀደም ኮሎሎ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዘውዴ የምግብ ቤቱን የጥበቃ ካሜራዎች ቅጂ የሚይዘው ሰርቨር አልነሳ ብሏቸው ጠሩኝ። ሳየው ፋይሎቹን የሚያደራጀው የፋይል ሲስተሙ ተበላሽቷል።

«እየሠራ ሳለ ሰው ከሶኬት ነቅሎታል» አልኳቸው።

እትዬ ዘውዴ አስተናጋጃቸው ዴንግ ላይ አፈጠጡ። «አንተ ነህ!»

ጋምቤላ ያደገው ዴንግ «ወላሂ አልነካሁም!» ብሎ ማለ።

እኔም አላርፍ ብዬ «እንዲህ ያለ ሰው መባረር ነው ያለበት» አልኩ።

ሦስት ሰዓት ለፍቼ ቅጂውን ከፈትኩት። ሦስታችንም ስክሪኑን ከበብን። የዋዜማው ቀን ምሳ ሰዓት ነው። ባለመስመር ሸሚዝ የለበሰ አንድ ተስተናጋጅ ስልክና ቻርጀር ይዞ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ የሰርቨሩን ገመድ ያዘ፤ ምስሉ እዚያ ላይ ተቋረጠ።

ዴንግ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ሸሚዝ እንኳን አልቀየሩም!»